የእማሆይ ግራ እጅ

የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩን ፒያኖ የሰማ ሰው አስቀድሞ የሚያነሣው ስለ ዜማው ነው። ዜማው ያለው በቀኝ እጃቸው ነውና አይፈረድበትም። እኔ ግን ከግራ እጃቸው እጀምራለሁ። የአገራችንን ዜማ በፒያኖ ለመጫወት የተነሣ ሰው ሁሉ የሚፈተነው በግራ እጁ ነው፤ ብዙ የተማሩና ብዙ የለፉ ሙዚቀኞች የተሰናከሉትም እዚያው ላይ ነው። እማሆይ አልተሰናከሉም። እንዴት እንዳለፉት ደግሞ በጥሞና ለሚያዳምጥ ሰው ከሥራው ውስጥ ይሰማል።

ፈተናው ይህ ነው። ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልን ወይም አንቺሆዬን በቀኝ እጅ መጫወት ብዙ አያስቸግርም። እያንዳንዱ ቅኝት አምስት አምስት ድምፅ ነው፤ ቁልፎቹን ለይቶ ማወቅ ይበቃል። ጭንቁ ግራ እጅ ምን ይበል የሚለው ነው። የአውሮፓ ክላሲካል ሙዚቃ የቆመው ከዜማው ሥር በሚደረደሩ ኮርዶች ላይ ነው። ኮርዱ ይወጠራል፣ ከዚያ ይረግባል፤ ጆሮም ያንን ውጥረትና እርጋታ እየተከተለ ይሄዳል። ውጥረቱን በዋናነት የምትፈጥረው «ሲ» ናት፤ ወደ «ዶ» ለመግባት ግማሽ ድምፅ ብቻ ስለሚቀራት ጆሮ «ግቢ እንጂ» ይላታል። ትዝታ በሜጀሩ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶ፣ ላ ነው። «ሲ» የለችበትም። «ፋ»ም የለችበትም። የአውሮፓን ኮርድ እንዳለ አምጥቶ ከትዝታ ሥር የሚያነጥፍ አቀናባሪ እንግዲህ ዜማው የማያውቃቸውን ሁለት ድምፆች በግራ እጁ ያስገባል ማለት ነው። ያኔ ትዝታው ትዝታነቱን ያጣና ሁለት ድምፅ የጎደለው የፈረንጅ ዘፈን ይሆናል። አንቺሆዬ ላይ ሲደርስ ነገሩ ይብሳል። ከ«ዶ» ይነሣል፤ ግማሽ ድምፅ ወደወረደ «ሬ»፣ ወደ «ፋ»፣ ግማሽ ድምፅ ወደወረደ «ሶ»፣ ከዚያም ወደ «ላ» ይሄዳል። የአውሮፓ ባስ እንደ ምሰሶ የሚደገፍበት ትክክለኛው «ሶ» ጭራሹኑ የለም።

እማሆይ ለዚህ ያገኙት መፍትሔ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ትልቅ ራስን መግዛት የሚጠይቅ ነው። ግራ እጃቸው ጥቂት ይናገራል። አንድ ዝቅ ያለ ድምፅ ይጥላል፤ ከዚያ ኮርዱን በአንድ ጊዜ ከመምታት ይልቅ ድምፆቹን በተን አድርጎ አንድ በአንድ ይለቅማቸዋል፤ ከዚያም ዝም ይላል። ድምፆቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚመረጡት ከዚያው ከቅኝቱ ውስጥ ነው። ቀኝ እጅ የሚያውቀውን ነው ግራ እጅም የሚያውቀው። ባዕድ ድምፅ ሲመጣ ደግሞ ሳይቀመጥ ያልፋል። ፔዳሉ የቀሩትን ድምፆች አያይዞ ስለሚያቆያቸው ዝምታው ባዶ አይሆንም፤ በገና ደርዳሪ አንዱን ክር ነክቶ ወደ ሌላው ሲሻገር ፊተኛው እየነዘረ እንደሚቆይ ነው።

በጥሩ ሸማኔ እጅ የወጣ ጥበብ ከነጩ ሸማ ጋር በአንድ ላይ ይሸመናል፤ ድሩም ማጉም አንድ ነው። በኋላ በመርፌ የተለጠፈ ጥለት ግን ምንም ያህል ቢያምር ሲገለብጡት ክሩ ይታያል። ብዙ ጊዜ «ባህላዊውን ከዘመናዊው ጋር ማዋሐድ» ተብሎ የሚቀርብልን ሥራ የተለጠፈ ጥለት ነው። የእማሆይን ሥራ ገልብጬ ሳየው ስፌቱን አላገኘውም። ይህ ጽሑፍ የተነሣበት ነገር እሱ ነው።

ይህ እጅ የት የት እንደሰለጠነ ማወቅ ለማዳመጥ ይረዳል። የውብዳር ገብሩ ተብለው በአዲስ አበባ የተወለዱት በ1916 ዓ.ም. ነው። አባታቸው የጎንደሩ ከንቲባ ገብሩ ደስታ፣ እኅታቸው ኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ኃላፊና የፓርላማ አባል የሆኑት ሰንዱ ገብሩ ናቸው። ሁለቱ እኅትማማቾች ገና በልጅነታቸው ለትምህርት ወደ ስዊዘርላንድ ተላኩ፤ ትንሿ የውብዳር ቫዮሊን የጀመሩት እዚያ አዳሪ ትምህርት ቤት ነው። ከተመለሱ በኋላ የጣልያን ወረራ መጣ። ቤተሰቡ ተግዞ መጀመሪያ ወደ አዚናራ ደሴት፣ ቀጥሎም በኔፕልስ አቅራቢያ ወዳለችው ወደ መርኮሊያኖ ተወሰደ። ከነጻነት በኋላ የውብዳር ካይሮ ሄደው ከፖላንዳዊው ቫዮሊኒስት ከአሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ዘንድ ተማሩ። እዚያ ፒያኖንና ቫዮሊንን በቀን ዘጠኝ ሰዓት ያህል ይለማመዱ ነበር።

ቫዮሊኑን የምጠቅሰው ለሕይወት ታሪክ ማሟያ አይደለም። ቀኝ እጃቸው ዜማ ሲይዝ የፒያኖ ተጫዋች እጅ ብቻ ሆኖ አይሰማኝም። መስመሩ ረጅም ነው፤ ቀስት በክር ላይ እንደሚጎተት ይጎተታል፣ አንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ዘንበል እያለ ይሄዳል። ፒያኖ መዶሻ ያለው መሣሪያ መሆኑን ያስረሳል። ይህንን ያስተማራቸው ቫዮሊኑ ይመስለኛል።

ከዚያ ታሪኩ ድንገት ይታጠፋል። ለንደን በሚገኘው ሮያል አካዳሚ ኦፍ ሚዩዚክ ለመማር ተከፍቶላቸው የነበረው ዕድል ሳይፈቀድላቸው ቀረ። ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ዕድሜያቸው ሳሉ ወደ ግሸን ማርያም ሄደው መነኮሱ፤ ጽጌማርያም የሚለው ስም የመጣው ከዚያ ነው። አሥር ዓመት ያህል በባዶ እግር፣ ያለ ፒያኖ፣ በጸሎት ኖሩ። ግሸን ያለችው ወሎ ውስጥ፣ አምባሰል ነው። ከአራቱ ቅኝቶች አንዱ ስሙን የወሰደው ከዚያው ምድር ነው፤ የባቲም አገር ወሎ ነው፤ ትዝታንና አንቺሆዬንም አገሬው የወሎ ናቸው ይላል። በካይሮ የአውሮፓን ሙዚቃ ሲለማመዱ የኖሩት እጆች መሣሪያ ሳይነኩ ያን ያህል ዓመት ያሳለፉት የቅኝቶቹ አገር ላይ ነበር። ከተራራው ሲወርዱ ግን ፒያኖውን መልሰው ያዙ።

ቀጥሎ የመጣው ትምህርት ለሥራቸው ከሁሉም የበለጠ ወሳኝ ነው እላለሁ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ጎንደር ተቀምጠው የቅዱስ ያሬድን ዜማ አጠኑ። የያሬድ ዜማ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ተብሎ በሦስት ይከፈላል፤ ምልክቶችም አሉት። ሊቃውንቱ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንዳዘጋጇቸው የሚናገሩላቸው እነዚህ ምልክቶች ከፊደሉ በላይና በታች የሚቀመጡ ትንንሽ ጭረቶችና ነጥቦች ናቸው፦ ድፋት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ሂደት፣ ደረት፣ ጭረት፣ ቁርጥ፣ ርክርክ። የአውሮፓ ኖታ እያንዳንዷን ድምፅ ነጥሎ ከፍታዋንና ርዝመቷን ይጽፋል። የያሬድ ምልክት ግን ድምፁ ምን እንደሚያደርግ ይነግራል፤ ዝቅ በል፣ ያዝ፣ ቁረጥ፣ አንቀጥቅጠህ ውረድ ይላል።

አሁን ወደ ፒያኖው ተመልሰን ቀኝ እጃቸውን እናዳምጥ። ዋናው ድምፅ ከመምጣቱ በፊት ሁለት ወይም ሦስት ትንንሽ ድምፆች ፈጠን ብለው ይንከባለላሉ። የአውሮፓ ትምህርት ይህን ማስዋቢያ ይለዋል፤ ከዜማው ላይ ቢነሣ ዜማው አይፈርስም ብሎ ያስባል። በእማሆይ ሥራ ግን ቢነሣ ዜማው ይፈርሳል። እኔ የምሰማው ርክርክን ነው፤ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ ደረጃ በደረጃ ሲወርድ። አንድ ድምፅ ተነክቶ በፔዳል ተይዞ እስኪሞት ሲጠበቅ ደግሞ ይዘትን እሰማለሁ። ሐረጉ ያለቀ ሳይመስል በድንገት ሲቆም ቁርጥ ነው። ምልክቶቹን እያሰቡ አስገቧቸው ለማለት አልደፍርም፤ ጎንደር ላይ ዜማ ያጠና ጆሮ ግን እጅን ያዛል።

ሌላም ችግር ነበር። የሰው ድምፅና ማሲንቆ በሁለት ቁልፎች መካከል ባለው ቦታ ይንሸራተታሉ፤ ፒያኖ ግን አንድ ጊዜ ከተቃኘ ቁልፉ ከሰጠው ድምፅ ፈቀቅ አይልም። አዝማሪ አንዷን ድምፅ ጎትቶ ወደ ታች ሲያወርዳት የምትፈጠረው ልቅሶ በፒያኖ የለችም። እማሆይ ያን የጠፋ መካከል የሚሞሉት በእነዚሁ ፈጣን ድምፆች ነው። ጎረቤት ቁልፎችን ቶሎ ቶሎ ነክቶ በማለፍ ጆሮ መንሸራተቱን የሰማ ይመስለዋል። በጣም የረቀቀ ሥራ ነው፤ ትንሽ ቢበዛ ጌጥ ይሆናል፣ ትንሽ ቢያንስ ዜማው ይደርቃል።

ስለ ምት ደግሞ ካልተነገረ የሥራው ግማሽ ይቀራል። በብዙዎቹ ሥራዎቻቸው ባለ ሦስት ምት የቫልስ መንፈስ አለ፤ ከአውሮፓ የመጣ መሆኑ ያስታውቃል። ነገር ግን ሰው ሊጨፍርበት አይችልም። ምቱ በሰዓት አይለካም፤ ሐረጉ ትንፋሽ እስኪያልቅ ይሄዳል፣ ትንፋሽ ይወስዳል፣ እንደገና ይነሣል። ቀኝ እጅ ሲዘገይ ግራ እጅ ቆሞ ይጠብቀዋል። ማሕሌት የቆመ ሰው ይህን ያውቀዋል። ቁም ዜማ ያለ ከበሮና ያለ ጸናጽል ሲባል ጊዜውን የሚይዘው የመሪው ትንፋሽና የቃሉ ክብደት ነው። ከዚያ በኋላ ነው ዝማሜው በመቋሚያ፣ መረግዱና ጽፋቱ በከበሮ የሚመጣው። እማሆይ ፒያኖ ላይ የሚቆዩት በቁም ዜማው ነው። የከበሮው ሙቀት ላይ አይደርሱም፤ አይፈልጉትምም።

ከሥራዎቹ መካከል ሁለት ሦስቱን ላንሣ። ስሙ ወደ እኛ ቋንቋ ሲመለስ «ቤት አልባው ተቅበዝባዥ» የሚሆነው ሥራ ከሁሉም በላይ የታወቀላቸው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2021 «ፓሲንግ» በተባለው ፊልም ውስጥ ስለገባ ስማቸውን ሰምቶ የማያውቅ ሰው እንኳ ሰምቶታል። በዚህ ሥራ የማደንቀው ድግግሞሹን ነው። አንድ ሐረግ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ተመልሶ ይመጣል፤ ሲመለስ ግን እንደ ፊተኛው አይደለም። አንድ ቦታ ላይ ድምፅ ተጨምሯል፣ ሌላ ቦታ ላይ ዘግይቷል። የሶናታ ሕግ ዜማን ሰብሮ ከቁርጥራጩ ሌላ ነገር እንዲገነባ ያዛል። እዚህ ዜማው አይሰበርም። እንደ ተቅበዝባዡ ይሄዳል እንጂ የትም አይደርስም፤ ባለመድረሱ ግን የጎደለ ነገር አይሰማኝም።

«የባሕር መዝሙር» ላይ ግራ እጅ ከወትሮው በላይ ይሠራል፤ ይነሣል ይተኛል፣ ሳያቋርጥ። ከሾፓን የተማረ እጅ መሆኑን ይህ ሥራ ከሌሎቹ ሁሉ ግልጽ አድርጎ ያሳያል። ሆኖም ዜማውን አይውጠውም። «ጎልጎታ» ደግሞ ሌላ ነው። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት የዜማውን ምልክቶች ከክርስቶስ ሕማም ጋር ያያይዟቸዋል፤ ርክርክ የደሙ ነጠብጣብ ምሳሌ ነው ይላሉ። ይህን ያወቀ ሰው «ጎልጎታ»ን ሲሰማ ቀኝ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ሲወርድ ጌጥ ነው ብሎ ማለፍ አይችልም። ይህን የማያውቅ የውጭ አድማጭም ሐዘኑን ይሰማል፤ ከየት እንደመጣ ግን አያውቅም።

ለዚህም ነው ከውጭ የሚሰጣቸው ስያሜ የማይጥመኝ። እ.ኤ.አ. በ2006 «ኢትዮፒክስ» በተባለው የሲዲ ተከታታይ 21ኛው ቅጽ ሥራዎቻቸው ለዓለም ሲቀርቡ፣ ጆሮው ለነገሩ አዲስ የሆነ ሁሉ የሚያውቀውን ስም ፈለገላቸው። አንዱ ብሉዝ አለው፣ ሌላው ጃዝ፣ ሌላው የፈረንሳዩን የኤሪክ ሳቲን ስም ጠራ። ከፍቅር የመጣ መሆኑን አውቃለሁ። በብሉዝ ውስጥም ባለ አምስት ድምፅ ዜማ ስላለ ጆሮ ቢምታታ አይገርምም። ነገር ግን ከዚያ አልፎ መሄድ ያስፈልጋል። ብሉዝ ምቱን አይለቅም፤ እሳቸው ይለቁታል። ሳቲ ዜማውን ሆነ ብሎ ያራቁተዋል፤ የእሳቸው ዜማ በርክርክ የተሞላ ነው። ሥራው በትክክል የሚነበበው ከቅኔ ማሕሌቱ አንጻር ነው፤ ያንን ንባብ ደግሞ ከእኛ ሌላ ማንም ሊጀምረው አይችልም።

በዚህ መንገድ የሄዱት እሳቸው ብቻ እንዳልሆኑም መባል አለበት። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት መሥራች ዳይሬክተር አሸናፊ ከበደ «እረኛው ዋሽንተኛ»ን ለኦርኬስትራ ጽፈዋል፤ በ«ኮቱራሲያ» ደግሞ የጃፓኑን ኮቶ ከአውሮፓ መሣሪያዎች ጋር አገናኝተዋል። አሸናፊ የሚያስቡት እንደ ምሁር፣ በትልቅ ሸራ ላይ ነው። በሶፊያ የተማረው ፒያኒስት ግርማ ይፍራሸዋ «አምባሰል»ን፣ «ሰመመን»ንና «እልልታ»ን ሲጫወት ሁለቱም እጆቹ በሙሉ ኃይላቸው ይሠራሉ፤ የኮንሰርት አዳራሽን የሚሞላ ፒያኖ ነው። ሁለቱንም አከብራለሁ። እማሆይን የሚለያቸው አዳራሽ አለማሰባቸው ነው። አንድ ሰው ለአንድ ሰው፣ ወይም ለፈጣሪው ብቻ፣ የሚጫወተው ይመስላል።

ይህ መንገድ ዋጋ አለው፤ ሊደበቅም አይገባም። ቀለማቸው ጠባብ ነው። ብዙ ሥራዎቻቸውን በተከታታይ ለሚሰማ ሰው አንዱ ከሌላው ሊምታታበት ይችላል። ድምፁ በጣም ከፍ የሚልበት ቦታ ጥቂት ነው፤ የኦርኬስትራ ማዕበል የለመደ ጆሮ ትዕግሥት ያጣል። እኔ ይህን ጥበት ምርጫ ነው ብዬ ነው የምቀበለው። ድጓን አንድ ሌሊት ሙሉ ቆሞ የሰማ ሰው ልዩነቱ ያለው በትንሽዋ መታጠፊያ ላይ መሆኑን ያውቃል፤ እማሆይም ከአድማጫቸው ያንኑ ጆሮ ይጠብቃሉ።

ከሞታቸው በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 «ሱቬኒርስ» በሚል ስም የወጣው አልበም ለዚህ ሁሉ ምስክር ሆኖልኛል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ ቤታቸው ውስጥ በካሴት የቀዱት ነው፤ እማሆይ ፒያኖ እየተጫወቱ በአማርኛ ያዜማሉ፣ ስለ አገርና ስለ ስደት። ከመስኮቱ ውጭ የወፎች ድምፅ ይሰማል። ድምፃቸው የሠለጠነ የመድረክ ድምፅ አይደለም፤ ቀጭንና ዝግ ያለ ነው። ቃል ሲጨመርበት ግን በፒያኖው ብቻ ሲሰማ የነበረው ነገር ሁሉ ግልጽ ይሆናል። ሐረጉ የቆመው የአማርኛው ቃል የሚቆምበት ላይ ነው፤ ቀኝ እጅም ድምፁን ተከትሎ ይታጠፋል። ቃል የሌላቸው ሥራዎቻቸውም ቃል እንደነበራቸው የተረዳሁት በዚህ አልበም ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሸክላዎቻቸው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ጀርመን ውስጥ ሲታተሙ ገቢው ለችግረኛ ልጆች መርጃ ነበር የዋለው፤ ጎንደር ሳሉ ማደሪያ አጥተው ደጅ የሚያድሩትን የቆሎ ተማሪዎች አይተው ነበርና። እ.ኤ.አ. በ1984 ወደ ኢየሩሳሌም ሄዱ፤ በሐበሻ መንገድ ባለው በደብረ ገነት ገዳም፣ ፒያኖ ባለባት ትንሽ ክፍል ኖረው መጋቢት 17 ቀን 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው አረፉ። እ.ኤ.አ. በ2013 እስራኤላዊቷ ፒያኒስት ማያ ዱኒየትስ ከወረቀቶቻቸው መካከል ያሰናዳቻቸው ሥራዎች በኖታ መጽሐፍ ሆነው እዚያው ኢየሩሳሌም ታትመዋል።

ኖታው አለ ማለት ነው። ልጃችሁ ፒያኖ የሚማር ከሆነ፣ በአዲስ አበባም ሁኑ በዋሽንግተን ወይም በሃይፋ፣ ከባኽና ከሾፓን አጠገብ የእማሆይን «የእናት ፍቅር» አስቀምጡለት። መምህሩንም አንድ ነገር ለምኑልኝ፤ ትንንሾቹን ፈጣን ድምፆች ማስዋቢያ ናቸው ብሎ እንዳያልፋቸው፣ ግራ እጁ ዝም በሚልበት ቦታ ላይም ከራሱ ኮርድ እንዳይጨምር።